ስኳር ላለበት ሯጭ፦ ስለ እንጀራውና ስለ መርፌው

ልጄ፣ እንጀራን፣ ዳቦንና ቆሎን ጨርሼ ትቼ በሥጋ፣ በእንቁላልና በቅቤ ብኖር ስኳሬ አይስተካከልም ወይ፣ ሩጫዬስ ምን ይሆናል ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሴን ላስቀድም። ቀንስ፣ ለክተህ ብላ፣ ጨርሰህ ግን አትተው። ኢንሱሊንህን ደግሞ ከሚከታተልህ ሐኪም ጋር ሳትመክር አንዲት ዩኒት አትቀንስ። ነገሩን በዚህ ልዘጋው እችል ነበር። ዳሩ ግን በስኳር ክትትል ክፍል በነርስነት ስሠራ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሁለት ቃል ተመልሶለት የሄደ ወጣት በቃሬዛ ተይዞ ሲመለስ አይቻለሁና ምክንያቱን ሁሉ ልንገርህ። ታግሠህ አንብበው።

በመጀመሪያ ይህ ሕመም የመጣብህ ማር አብዝተህ በመብላትህ አይደለም፤ እናትህም ያጎደለችብህ ነገር የለም። በአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ኢንሱሊን ከሌለ የበላኸው ስኳር ደም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል፤ ጡንቻህ አጠገቡ እያለ ይራባል። የተራበ ሰውነት ስቡን ያቃጥላል፣ ከዚያ ቃጠሎ የሚወጣው ኪቶን ሲበዛ ደምን አሲድ ያደርገዋል። ያስታውካል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ መጨረሻ ላይ ራስን ያስታል። በእኛ በእነብሴና በእነማይ ገጠር ስንቱ ልጅ ወባ ነው፣ መጋኛ ነው እየተባለ በዚህ እንዳለፈ እግዚአብሔር ይወቀው።

ካርቦሃይድሬት መቀነስ አዲስ ግኝት ተደርጎ ተነግሮሃል። ከኢንሱሊን ግን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1910ዎቹ ፍሬድሪክ አለን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ስኳር የያዛቸውን ሰዎች ምግባቸውን፣ በተለይም ካርቦሃይድሬቱን፣ እስከ ረኃብ ድረስ እየቀነሰ ዕድሜያቸውን ያራዝም ነበር። ሌላ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የሠራው ነውና አልወቅሰውም። ከታካሚዎቹ አንዷ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ልጅ ኤልዛቤት ነበረች። ለሦስት ዓመት በዚያ ምግብ ቆይታ፣ ወደ 20 ኪሎ ወርዳ፣ አጥንትና ቆዳ ሆና ነው 1922 ላይ የደረሰችው። አንድ ዓመት ቀድሞ በካናዳዋ ቶሮንቶ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን አግኝተው ነበር፤ በጥር 1922 ሊዎናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደ። ኤልዛቤትም በዚያው ዓመት ቶሮንቶ ገብታ ኢንሱሊን ጀመረች፤ አግብታ፣ ልጆች ወልዳ፣ ከ70 ዓመት በላይ ኖረች። ረኃቡ እስከ ኢንሱሊን አደረሳት፤ ያኖራት ግን ኢንሱሊን ነው። ምግብህን ስትቀንስ መርፌውም አብሮ ሊቀር ይችል ይሆናል የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ይህችን ልጅ አስባት።

ሌላም የአገራችን ነገር አለ። ስኳር የሀብታም፣ የወፍራም ሰው በሽታ ነው ሲባል ሰምተህ ይሆናል። የጎንደሯ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር ነው ያሳየው። በጎንደርና በጅማ ገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድሃ ገበሬዎች ናቸው፤ ከሴቶች ወንዶች ይበዛሉ። ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የተለየ የስኳር ዓይነት አለ ወይ የሚለው ክርክር ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን አምስተኛው ዓይነት ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ይህን የምነግርህ አንተም ቀጭን የገበሬ ልጅ ስለሆንክ ነው። የትኛው ዓይነት እንዳለብህ ሐኪምህን በግልጽ ጠይቀው። በምግብ እጥረት በተጎዳ ሰውነት ላይ ሌላ የምግብ ቅነሳ መጨመር ጉዳት ነው። አንደኛው ዓይነት ከሆነም ቢሆን፣ ክብደትህ እየወረደ ሳለ ምግብ ቀንስ የሚል ምክር ከማንም አፍ ቢመጣ አትስማው።

አሁን ወደ እውነተኛው ጥቅም ልምጣ፤ እንዲያው የሚያስፈራራ ምክር አልሰጥህም። ሪቻርድ በርንስታይን የሚባል አሜሪካዊ በ1946 በ12 ዓመቱ ስኳር ያዘው። መሐንዲስ ሆኖ ሲሠራ፣ ገና በወጣትነቱ ኩላሊቱና ሌላውም አካሉ መጎዳት ጀመረ። በ1969 የመጀመሪያው የደም ስኳር መለኪያ ለሐኪሞች ብቻ ይሸጥ ነበርና ሐኪም በሆነችው ሚስቱ ስም ገዛው። በቀን ደጋግሞ እየለካ እያንዳንዱ ጉርሻ ምን እንደሚያደርገው መዘገበ፤ ካርቦሃይድሬቱንም በቀን ወደ 30 ግራም አወረደው። የሕክምና መጽሔቶች ጽሑፉን አልቀበል ሲሉት ከ40 ዓመቱ በኋላ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆነ። በ2025 ሲሞት 90 ዓመቱ ነበር። ከእሱ ልትወስደው የሚገባ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ መጠኑ ትንሽ ሲሆን ስሕተቱም ትንሽ ይሆናል ይላል። አንድ ሰው 120 ግራም ካርቦሃይድሬት በልቶ ግምቱ በአምስተኛ እጅ ቢዛነፍ 24 ግራም ተሳሳተ ማለት ነው። አንድ ግራም በመለኪያህ ቁጥር (ሚ.ግ/ዴ.ሊ) ስኳርህን 4 ገደማ ከፍ ያደርጋል ብለን ብናስብ፣ ስኳርህ ካሰብከው በ100 ያህል ይርቃል። 30 ግራም የበላ ሰው በዚያው ልክ ቢሳሳት ልዩነቱ 25 ባይሞላ ነው። ይህ ትክክል ነው፤ በአገራችን ምግብ ላይም ይሠራል።

በ2018 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናትም አለ። እንደ በርንስታይን የሚመገቡ 316 ሰዎች፣ ከእነሱም 42 በመቶ ያህሉ ልጆች፣ በቀን በአማካይ 36 ግራም ካርቦሃይድሬት እየበሉ የሦስት ወር የስኳር አማካያቸው 5.67 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ግሩም ውጤት ነው፤ አላጣጥለውም። ግን ሰዎቹ ፈልገው የገቡበት፣ ራሳቸው የመለሱት መጠይቅ ነው፤ የተቸገረውና የተወው ሰው እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ፈጣን ኢንሱሊንም፣ የስኳር መለኪያው ስትሪፕም እንደልብ በሚገኝበት አገር ነው የሚኖሩት። አንተ በወር የምታገኘውን ስትሪፕ አስብና ከዚያ ጋር አስተያየው።

ከሁሉ በፊት መሶብህን እወቅ። ሙሉ እንጀራ እንደ ምጣዱና እንደ ውፍረቱ ይለያያል፤ ደህና አድርጎ የተጋገረ አንድ የጤፍ እንጀራ ግን ከ100 ግራም የማያንስ ካርቦሃይድሬት አለው። ስምንት ቦታ ብትቆርጠው አንዷ ቁራጭ ወደ 15 ግራም ትጠጋለች። ይህችን ቁራጭ ዓይንህ እስኪለምዳት ድረስ መለኪያህ አድርጋት። ከቤተሰብ ጋር በአንድ ገበታ ስትቀርብ ስንት እንደበላህ አይታወቅም፤ ጉርሻም ይጨመራል። ስለዚህ እናትህን ወይም እኅትህን በትሕትና ንገራቸውና ድርሻህን ለብቻው በሳህን ያውጡልህ። መጀመሪያ ላይ ይከፋቸዋል። ልጅ ለብቻው ሲበላ ማየት ለእኛ ቤት ከባድ ነው። ምክንያቱን ሲያውቁ ግን ቆርጠው የሚያቆዩልህ እነሱ ይሆናሉ።

በሶና ቆሎ ከክብደታቸው ሁለት ሦስተኛውና ከዚያም በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። ደረቅ ስለሆኑ በእፍኝ ሲታዩ ትንሽ ይመስላሉ፤ ብዙ ወጣት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ድንች ወጥ ከእንጀራ ጋር ሲበላ እጥፍ ይሆናል። ሽሮ፣ ክክና ምስር ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ ግን ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው ስኳርን ቀስ አድርገው ነው የሚያወጡት። እንቁላል፣ አይብ፣ ሥጋ፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ተልባ፣ ሰሊጥና ኑግ ስኳርን እምብዛም አያነሱም። እኔ የምመክርህ የዕረፍት ቀን ገበታ፣ በአንድ ጊዜ ከእንጀራው ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ወስደህ የቀረውን የሳህኑን ቦታ በጎመን፣ በእንቁላል ወይም በአይብ፣ በጾም ደግሞ በጎመን፣ በሽሮና በተልባ መሙላት ነው። ይህ የበርንስታይን ምግብ አይደለም። ካርቦሃይድሬቱ ግን አሁን ከምትበላው ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ስኳርህም በሳምንታት ውስጥ ልዩነቱን ያሳይሃል። ልዩነቱ ሲታይ የኢንሱሊን መጠንህም መስተካከል ይኖርበታልና ለውጡን ከመጀመርህ በፊት ለክትትል ክፍሉ ንገር። ምግቡ ቀንሶ መርፌው ባለበት ከቀረ ስኳርህ ወርዶ ያስተኛሃል።

ለምን ሙሉ በሙሉ አልተውም ላልከኝ አንዱ ምክንያት ጾም ነው። በእኛ ሥርዓት ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከቅቤ ይከለከላል፤ ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። እንጀራን ጥለህ በሥጋና በእንቁላል ልኑር ብትል በእነዚያ ቀኖች የሚቀርልህ ጎመንና ተልባ ነው። በዚያ ሩጫ አይሮጥም። አንድ ወር በሥጋ፣ አንድ ወር በእንጀራ እያልክ ብትቀያይር ደግሞ የመርፌህ መጠን ጾም በገባና በወጣ ቁጥር ይዛባል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብሃል።

ስለ ጾም ከተነሣ፣ እስከ ስድስት ሰዓትም ሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ምግብ መቆየት ጠዋት ኢንሱሊን ለወጋ ሰው አደገኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በጾም አታስጨንቅም፤ በፍትሐ ነገሥትም የሕመም ነገር ታስቦበታል። የንስሐ አባትህ ዘንድ ሄደህ ሕመምህን ንገራቸው፣ እሳቸው በሚፈቅዱልህ ሂድ። ሰዓቱን ትተህ የምግቡን ዓይነት መጾም ብዙ ሕሙማን የሚስማሙበት መንገድ ነው። ስለ ጸበልም እንዲሁ። ጸበል ተጠመቅ፣ ጠጣ፤ እምነትህን የሚነካ ቃል ከእኔ አይወጣም። ነገር ግን ጸበል ቦታ ኢንሱሊኑን ትቶ የሰነበተ የአንደኛ ዓይነት ሕመምተኛ በቀናት ውስጥ ኪቶን ይገድለዋል። መርፌህን ይዘህ ግባ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንና መድኃኒትን እንድናከብር ያስተምራል፤ የሚከለክልህ ሰው ቢኖር ይህን አሳየው።

ወደ ሩጫው ልግባ። ሯጭ ስለሆንክ ካርቦሃይድሬትን የማልነፍግህ ዋናው ምክንያት ያለንበት ምድር ነው። መርጡለ ማርያም፣ ሞጣና ቢቸና በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ስብም ካርቦሃይድሬትም ኃይል ይሰጣሉ፤ ሆኖም በአንድ ሊትር ኦክሲጅን ካርቦሃይድሬት 5 ካሎሪ ገደማ ሲሰጥህ ስብ 4.7 ገደማ ነው የሚሰጥህ። ስብ ግንድ ነው፣ ረጅም ይነዳል፤ ካርቦሃይድሬት ጭራሮ ነው፣ ባነሰ አየር ቶሎ ይነዳል። ኦክሲጅን በበዛበት ዝግ ያለ ሩጫ ልዩነቱ አይሰማህም። 5 ሺህ ወይም 10 ሺህ ሜትር ላይ ትንፋሽ ሲያጥር፣ የመጨረሻው ዙር ሲደወል ግን ይሰማሃል። ሉዊዝ በርክ የተባለችው አውስትራሊያዊት የስፖርት ምግብ ተመራማሪ በ2017 ባሳተመችው ጥናት፣ ታላላቅ የእርምጃ ተወዳዳሪዎች ካርቦሃይድሬት አጥተው በስብ ሲሠለጥኑ ስብ የማቃጠል አቅማቸው ጨመረ፤ ለተመሳሳይ ፍጥነት የሚፈልጉት ኦክሲጅን ግን በዛ፣ ካርቦሃይድሬት የበሉት ሌሎቹ የ10 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸውን ሲያሻሽሉ እነሱ አላሻሻሉም። የእኛ ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮች ምን እንደሚበሉ በ2011 የታተመ ጥናትም ከኃይላቸው 64 በመቶ የሚሆነው ከካርቦሃይድሬት እንደሚመጣ አሳይቷል። እነሱ ጤነኛ ቆሽት አላቸውና ልክ እንደነሱ ብላ አልልህም። ጠንካራ ልምምድ ባለብህ ቀን ግን እንጀራው ከፍ ይበል፣ በዕረፍት ቀን ዝቅ ይበል፤ መርፌውም ከሐኪምህ ጋር በተስማማችሁበት ልክ ይከተለው።

ጤነኛ ሰው ሲሮጥ ቆሽቱ ኢንሱሊኑን ወዲያው ይቀንሳል፣ ጉበቱም ስኳር ይለቃል። አንተ የወጋኸው ኢንሱሊን ግን መሮጥህን አያውቅም፤ መሥራቱን ይቀጥላል። በዚያ ላይ የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ይስባል። ስለዚህ ረዘም ያለ ሩጫ ስኳርን ያወርዳል። አጭርና እጅግ ፈጣን ሩጫ ደግሞ አድሬናሊን ስለሚያስነሣ ለጊዜው ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ከውድድር በኋላ 250 አይተህ ደንግጠህ ተጨማሪ ኢንሱሊን እንዳትወጋ። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወርዳል።

በሆስፒታሎቻችን በብዛት የሚሰጠው ኤንፒኤች የሚባለው ደፍረስ ያለው ነጭ ኢንሱሊንና ሬጉላር የሚባለው ጥርት ያለው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት የወጋኸው ኤንፒኤች ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ይበረታል፤ ማታ አንድ ሰዓት የወጋኸው ከሌሊቱ አምስት እስከ አሥራ አንድ። ልምምድህ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሆነ ኢንሱሊኑ በበረታበት ሰዓት ነው የምትሮጠው። ጡንቻም ከሩጫ በኋላ ለብዙ ሰዓት ስኳር መሳቡን ስለማይተው ሌሊቱን የማታው መርፌ ይጨመርበታል። ሌሊት በላብ ተጠምቀህ፣ በቅዠት የምትነቃው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከተቻለህ ማለዳ፣ የጠዋቱን መርፌ ሳትወጋ፣ መጠነኛ ሩጫህን ጨርስ። ከሰዓት በኋላ መሮጥ ግድ ከሆነ ከመተኛትህ በፊት ለካ፤ ከ130 በታች ከሆንክ እንጀራ በሽሮ ወይም ዳቦ በወተት ቀምሰህ ተኛ። ልትሮጥ ስትል ጭንህ ላይ አትውጋ፤ የሚሠራ እግር መድኃኒቱን ቶሎ ወደ ደም ያስገባዋል። ሆድህ ላይ ውጋ።

ስትሪፕ ውድ ነውና የቱ ጊዜ እንደሚበልጥ ልንገርህ፦ ከሩጫ በፊትና ከመተኛት በፊት። ሌላው ሲተርፍ ነው። ከመሮጥህ በፊት ከ126 እስከ 180 ውስጥ ከሆንክ ሂድ። ከ90 በታች ከሆንክ መጀመሪያ ከ10 እስከ 20 ግራም ስኳር ውሰድና ከፍ እስኪል ጠብቅ። ከ270 በላይ ሆኖ ኪቶን ካለ፣ ወይም ሆድህን ከቆረጠህና ካስታወከህ፣ አትሩጥ፤ ሐኪም ቤት ሂድ። ባለፈው አንድ ቀን ውስጥ ራስህን እስክትስት ወርዶብህ ከነበረም ዕረፍት አድርግ። በማለዳ ብርድ መለኪያው አልሠራ ሊልህ ይችላልና ከልብስህ ሥር አሙቀው። ማር ወይም ፍራፍሬ የነካ ጣት የሐሰት ቁጥር ይሰጣል፤ ታጥበህ ለካ።

ሩጫው ከአንድ ሰዓት ካለፈ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል። ካርቦሃይድሬት ጨርሶ የተወ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው። ስኳር ሲወርድብህ ደግሞ 15 ግራም ወስደህ 15 ደቂቃ ጠብቀህ እንደገና ለካ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ነው፤ በውኃ የተበጠበጠ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳርም ይበቃል። ወተት፣ ሽሮ ወይም ቅቤ ያለበት ነገር ለዚህ ሰዓት አይሆንም፤ ስቡ ያዘገየዋል። አብረውህ ለሚሮጡት ልጆች ምልክቱን አሳያቸው፦ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ያለ ነገር መቆጣት፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ። ራስህን ከሳትክ በአፍህ ምንም እንዳይጨምሩ፣ በጎንህ አስተኝተው ወደ ሐኪም ቤት እንዲወስዱህ ንገራቸው። በኪስህ ከረሜላ ሳይኖር ከደጅ አትውጣ።

ካርቦሃይድሬትን እጅግ የቀነሰ ሯጭ ጉበቱ ያከማቸው ስኳር ያነሰ ነው። ስለዚህ ስኳር ሲወርድበት ጉበቱ የሚያድነው በጥቂቱ ነው፤ ግሉካጎን የሚባለው የማንቂያ መርፌ እንኳ በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ኃይሉ እንደሚቀንስ ታይቷል። በዚህ ላይ አረቄ ወይም ጠላ ሲጨመር አደገኛ ነው፤ አልኮል ጉበት አዲስ ስኳር እንዳይሠራ ይከለክለዋል። በጥምቀት ወይም በሠርግ ከሮጥክ በኋላ እንጀራ ሳትበላ ጠጥተህ ብትተኛ ጠዋት ላትነሣ ትችላለህ። ይህን ያለማጋነን ነው የምልህ፤ ብትችል ጨርሰህ አትጠጣ። ኪቶንም አለ፤ ካርቦሃይድሬት ሲጠፋ ትንሽ ኪቶን ሁልጊዜ ይኖራል፣ ኢንሱሊን ሲያንስ ደግሞ ይገነፍላል፤ ስኳርህ ብዙም ከፍ ሳይል ሊመርዝህ ይችላል። መለኪያህ 200 አሳይቶህ እያስታወክ ከሆነ ቁጥሩን አትመን። መርጡለ ማርያም ሆስፒታል ሂድ፣ ኢንሱሊን የምወጋ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ ብለህ ንገራቸው፤ ካልሆነም ወደ ሞጣ ወይም ደብረ ማርቆስ ይላኩህ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ሩጫ ለኔ አይሆንም ብለህ እንዳትደክም። አሜሪካዊው ዋናተኛ ጋሪ ሆል ጁኒየር በ1999 አንደኛ ዓይነት ስኳር ሲገኝበት ውድድርህ አበቃ ተብሎ ነበር። በ2000 በሲድኒ፣ በ2004 ደግሞ በአቴንስ በ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ቲም ኖቮ ኖርዲስክ የሚባለው የብስክሌት ቡድን ተወዳዳሪዎቹ በሙሉ አንደኛ ዓይነት ስኳር ያለባቸው ናቸው፤ በዓለም ታላላቅ ውድድሮች ላይ ነድተዋል። አንተም ማለዳ ተነሥተህ ለመሮጥ የሚከለክልህ ነገር የለም።

የክለብ ሰው አይቶህ ከወደደህ ግን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልግህ ወረቀት አለ። ኢንሱሊን በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ከተከለከሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሳትናገር ብትወዳደርና ብትመረመር ያለ ጥፋትህ ልትቀጣ ትችላለህ። ስለዚህ ለሕክምና የሚሰጠውን ልዩ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን አስቀድመህ ጠይቅ። የሕክምና ማስረጃ ይፈልጋሉ፤ የተገኘብህ ቀን፣ የምርመራው ውጤት፣ የምትወስደው የኢንሱሊን ዓይነትና መጠን በሐኪም ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት መቅረብ አለበት። በየጊዜው ይታደሳል። ካርድህ ላይ የተጻፈው ሁሉ በአንድ ፋይል ተሰብስቦ እንዲቀመጥልህ ከአሁኑ ጠይቅ፤ ከጊዜ በኋላ አሮጌ ካርድ ፍለጋ መመላለስ አድካሚ ነው።

ለሚመጣው ቀጠሮህ አንድ ደብተር አዘጋጅ። ለሁለት ሳምንት የበላኸውን እንጀራ በቁራጭ፣ የወጋኸውን በዩኒት፣ የሮጥከውን በሰዓት፣ የለካኸውን በቁጥር ጻፍ። ጾም የገባበትን ቀንና የተኛህበትን ሰዓት አትርሳ። ደብተሩን ከፍታችሁ ከሐኪምህ ጋር የጠዋቱንና የማታውን መርፌ አብራችሁ እዩ፤ ምን እንደተወሰነም ጻፍልኝ።